ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፦ ለደብረ ማርቆስ ስሟን የሰጡ

ከሉማሜ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቅ ገበያተኛ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት ያገኛል። ከተማዋን በመንቆረር ስም የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ሲሆኑ፣ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው የዛሬ ስሟን ያወጡላት ግን ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

የደጃዝማች ተሰማ ጎሹ ልጅ ናቸው፤ ከመንገሣቸው በፊት ራስ አዳል ይባሉ ነበር። በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ዘውድ ጫኑላቸው። ከፋ ግን ከዓባይ ማዶ ነበረች፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጓት ነበር። በግንቦት 1874 ዓ.ም. ሁለቱ ነገሥታት እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

ከተፈቱ በኋላ የባሰ ዘመን መጣ። በጥር 1880 ዓ.ም. ሣር ውኃ ላይ በደርቡሽ ጦር ድል ተነሡ። ወዲያውም ከምኒልክ ጋር መወዳጀታቸው ያስቆጣቸው ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መባቻ ጎጃምን በሠራዊታቸው አስዘረፉ። የተቀጣው ንጉሡ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ዘማች ስንቁን የሚያገኘው ከገበሬው ጎተራና በረት ነበርና። በዚያው ላይ የከብት እልቂትና ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ተደረበ። የንጉሡ ታሪክ ሲወሳ ዘውዱና ዓድዋ ይቀድማሉ፤ ይህ የገበሬው መከራ ግን ሊዘለል አይገባውም።

በየካቲት 1888 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር እየመሩ ዓድዋ ላይ ከቀድሞ ማራኪያቸው ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። ያረፉት በጥር 1893 ዓ.ም. ነው።