አባ እንጦንስና ሁለቱ አንበሶች

በ356 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያረፈው አባ እንጦንስ፥ ከእርሱ የሚቀድም መናኝ በበረሃ የሌለ መስሎት ነበር። ሄሮኒሞስ እንደ ጻፈው፥ በ90 ዓመቱ የሚበልጠው እንዳለ በሌሊት ተገለጠለትና በትሩን ይዞ ወጣ። መንገዱ ቢጠፋው፥ በውሃ ጥም የምታለከልክ ተኵላ ወደ ተራራው ግርጌ ስትሄድ አየ፤ በዚያም የአባ ጳውሊን ዋሻ አገኘ። የቁራውን ነገር አንባብያን ስለሚያውቁት እናልፈዋለን።

ኋላም አትናቴዎስ የሰጠውን ልብስ ለመገነዣ ይዞ ሲመለስ፥ ጳውሊ እንደ ተንበረከከ ዐርፎ ቈየው። መቈፈሪያ ግን አልነበረም። ሽማግሌው በዚህ ሲጨነቅ ሁለት አንበሶች ከበረሃ እየሮጡ መጡ፤ ደነገጠ፤ እኛስ ብንሆን? እነርሱ ግን ከሬሳው እግር ሥር ተኝተው በኀዘን አገሡ፤ በጥፍራቸውም መቃብሩን ቈፈሩ። እጁንና እግሩን ቢልሱት ባርኮ አሰናበታቸው። የጳውሊን የሰሌን ቀሚስ ወስዶ በትንሣኤና በበዓለ ኀምሳ ይለብሰው ነበር።