ማዕበል በከበበው ዳርቻ፦ የሞሎካዩ ቅዱስ ዳምያን ሕይወት

ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሜይ 10 ቀን የምታስባቸው ቅዱስ ዳምያን ዘሞሎካይ በእኛ ዘንድ የሚታወቁት የሥጋ ደዌ ሕሙማን አባት በመሆናቸው ነው። ታሪካቸው በጉባኤ ሲነገር በሽታው ጐልቶ ይወጣል፤ ባሕሩና ነፋሱ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋሉ። ሕሙማኑን ከዘመድ አዝማድ እንዲለዩ ያዘዘው ሕግ ነበር፤ ትእዛዙን ሌሊትና ቀን ያስፈጽም የነበረው ግን ማዕበሉ ነው። ባሕር አይቶ ለማያውቅ የደጋ አንባቢ ይህን ጥቂት ሰፋ አድርጎ መግለጽ ተገቢ መስሎ ታየኝ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮሴፍ ደ ቮይስተር ጃንዋሪ 3 ቀን 1840 በቤልጅየም፣ ከሉቨን ከተማ ብዙም በማትርቅ ትሬሜሎ በተባለች መንደር ተወለዱ። ቤተ ሰቡ በእርሻና በእህል ንግድ ይተዳደር ነበር፤ አባታቸውም ልጃቸው ንግዱን እንዲይዙላቸው ተስፋ አድርገው ነበር። እርሳቸው ግን ታላቅ ወንድማቸውን ተከትለው በ1859 የኢየሱስና የማርያም ቅዱሳት ልቦች ማኅበር ገቡና ዳምያን የሚለውን ስም ተቀበሉ። ወንድማቸው አባ ፓምፊል ወደ ሐዋይ ደሴቶች እንዲሄዱ ከተመደቡ በኋላ በተስቦ በመታመማቸው መንገዱ ተሰናከለ። በዚህን ጊዜ ገና ክህነት ያልተቀበሉት ታናሽ ወንድም፣ የቅርብ አለቆቻቸውን አልፈው በቀጥታ ፓሪስ ላሉት የማኅበሩ ጠቅላይ አለቃ ጽፈው በወንድማቸው ፈንታ እንዲላኩ ለመኑ፤ ተፈቀደላቸውም። ይህ ችኩል ጠባይ ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም፤ አለቆቻቸውንም ደጋግሞ አስቸግሯል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ያለዚህ ጠባይ ሞሎካይ ባልደረሱም ነበር።

ጉዞው መርከበኞች ስለ ዐውሎ ነፋሱ በሚፈሩት በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በኬፕ ሆርን በኩል የሚዞር ስለ ነበረ ከአራት ወር በላይ ፈጀ። ማርች 19 ቀን 1864፣ በቅዱስ ዮሴፍ በዓል፣ ሆኖሉሉ ደረሱ፤ ሜይ 21 ቀን በዚያው ዓመት በሰላም እመቤታችን ካቴድራል ከአቡነ ሉዊ ሜግሬ እጅ ክህነት ተቀበሉ። ከዚያም በትልቁ የሐዋይ ደሴት መጀመሪያ በፑና፣ ከ1865 ጀምሮም ኮሃላና ሐማኩዋ በተባሉ ሰፋፊ አውራጃዎች አገለገሉ። በፈረስና በእግር ገደሉን እየወጡና እየወረዱ፣ አናጢም ካህንም ሆነው ጸሎት ቤቶችን ሠሩ።

የአገሩ ነፋስ ምን እንደሚችል የታየው በዚሁ ዘመን ነው። ኦገስት 9 ቀን 1871 ብርቱ ሀሪኬን አባ ዳምያን በሚያገለግሉበት በኮሃላ አውራጃና በማዊ ደሴት ላይ ወርዶ ቤቶችን አፈረሰ፣ ዛፎችን ገነደሰ፣ ወንዞችንም አስቆጣ። ይህ አደጋ ከጊዜ በኋላ ስለ ተረሳ፣ ሐዋይን ሀሪኬን አይነካትም የሚሉ እስከ መነሣት ደርሰው ነበር። በ2018 ግን ተመራማሪዎች በደሴተኞቹ ቋንቋ የታተሙትን የጥንት ጋዜጦች አንብበው የዐውሎ ነፋሱን መንገድና ብርታት ገለጹ። በአገር ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ሳይጣል መቆየቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

ሀሪኬን የሚወለደው ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ውቅያኖስ ላይ ነው። ሞቃቱ እርጥብ አየር ወደ ላይ ሲወጣ በሥሩ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በዙሪያው ያለው አየርም እየተሽከረከረ ወደዚያ ይገሰግሳል። ከነፋሱ በፊት ግን መልእክተኛው ይደርሳል። ረጃጅሞቹ ሞገዶች ከዐውሎ ነፋሱ ፈጥነው ስለሚጓዙ፣ ሰማዩ ገና ጠርቶ ሳለ ዳርቻው በማዕበል መመታት ይጀምራል። ደሴተኛው ይህን ሲያይ ጀልባውን ከውኃው አርቆ ይጐትታል።

ሞሎካይ በማዊና በኦዋሁ ደሴቶች መካከል የምትገኝ ናት። ሰሜናዊ ዳርቻዋ ቀጥ ያለ ገደል ነው። ከሳነቴ አምባ ጫፍ ቆሞ ወደ ሐረና ደን ቁልቁል የተመለከተ የባሌ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም፤ ልዩነቱ የእኛ ቁልቁለት ደን ውስጥ ሲገባ የሞሎካይ ገደል ባሕር ላይ መቆሙ ነው። ከገደሉ ግርጌ እንደ ምላስ ወደ ባሕሩ የወጣ ዝቅተኛ መሬት አለ፤ የምዕራቡ ጐን ካላውፓፓ፣ የምሥራቁ ጐን ካላዋኦ ይባላል። በሦስት ወገን ባሕር ይከበዋል፤ በአራተኛው ወገን ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድግዳ ቆሞበታል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ባሉት ወራት በሰሜን ፓሲፊክ የተነሣ ሞገድ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ በዚህ ዳርቻ ላይ ይሰበራል። ውኃው ጥልቅ ሳለ ሞገዱ እንደ ኮረብታ ዝግ ብሎ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ጥልቀቱ ሲያንስ ግን እግሩ ተይዞ አናቱ ወደ ፊት ይደፋል። ጀልባ የሚገለብጠው ይህ በመሰበር ላይ ያለው ማዕበል ነው።

የሥጋ ደዌ ሕሙማን እንዲለዩ የሚያዝዘው ሕግ የጸደቀው በንጉሥ ካሜሃሜሃ አምስተኛ ዘመን፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1865 ነው፤ አባ ዳምያን 25 ዓመት የሞላቸው ዕለት መሆኑ ነው። ከውጭ በገቡ በሽታዎች ሕዝቡ እያለቀ ነበርና ሕጉ ከክፋት ይልቅ ከፍርሃት የተወለደ ይመስላል፤ ቦታው ግን ለእስር የተመቸ ሆኖ ተመረጠ። የመጀመሪያዎቹ 12 ሕሙማን ጃንዋሪ 6 ቀን 1866 ወረዱ። ባለ ሥልጣኖቹ ሕሙማኑ አርሰው ራሳቸውን ይመግባሉ ብለው አስበው ነበር፤ ጣት የሌለው እጅ ግን ዶማ አይዝም። ምግባቸው የሆነው ጎደሬ ከአጐራባች ሸለቆዎች በጀልባ ይመጣ ነበር፤ ማዕበሉ ሲበረታ ጀልባው ይቀራል፣ ረኃብም ይገባል።

ሜይ 4 ቀን 1873 በማዊ ደሴት፣ በዋይሉኩ፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ አቡነ ሜግሬ የእነዚህን ሕሙማን ነገር ለካህናቱ አነሡ። አራት ካህናት በየተራ ሄደው ለማገልገል ራሳቸውን አቀረቡ፤ የመጀመሪያው ተራ የአባ ዳምያን ሆነ። ሜይ 10 ቀን ከ50 ሕሙማንና ከከብቶች ጋር ኪላውያ በተባለች የእንፋሎት መርከብ ካላውፓፓ ደረሱ። ጳጳሱ ለሕዝቡ ካስተዋወቋቸው በኋላ በመጡበት መርከብ ተመለሱ። የ33 ዓመቱ ካህን መጠለያ ስላልነበራቸው በቅድስት ፊሎሜና ጸሎት ቤት አጠገብ፣ ሐላ በሚባል ዛፍ ሥር ያድሩ ጀመር። ተራው ለሁለተኛው ካህን ሳይደርስ ቀረ፤ አባ ዳምያን እስከ ሞታቸው ድረስ፣ ለ16 ዓመት ያህል፣ እዚያው ቆዩ።

በዚያው ዓመት የማኅበራቸው አለቃ አባ ሞደስት ሊጐበኟቸው በመርከብ መጡ። የመርከቡ አዛዥ ግን አለቃው እንዲወርዱም አባ ዳምያን እንዲወጡም አልፈቀደም። ስለዚህ አባ ዳምያን በትንሽ ጀልባ ወደ መርከቡ ቀርበው፣ ከታች ሆነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ኃጢአታቸውን በፈረንሳይኛ ተናዘዙ፤ ፍትሐቱም ከመርከቡ ላይ ወረደላቸው። ስለ ምሥጢረ ንስሐ ለምታስተምሩ ካቴኪስቶች ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በቅርብ አይገኝም።

በካላዋኦ የሚነፍሰው ዘወትራዊ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከደቡብ ከብርቱ ዝናብ ጋር ይወርዳል፤ ደሴተኞቹ ኮና ይሉታል። በ1874 እንዲህ ያለው ነፋስ ተነሣ። የሕሙማኑ ጎጆ ከጉሎ እንጨት የቆመ፣ በቅጠልና በሸንኮራ አገዳ ገለባ የተከደነ፣ ወለሉም ሣር የተነጠፈበት ነበር። ከእነዚህ የበሰበሱ ጎጆዎች አብዛኞቹ ወደቁ። መነሣት የማይችሉት ሕሙማን በራሰ ልብስና ብርድ ልብስ እንደ ተጠቀለሉ በዝናብና በነፋስ ውስጥ ተንቀጠቀጡ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምንጣፋቸው ሥር ያለው ሣር ይሸት ጀመር።

አባ ዳምያን የሆነውን ለጤና ቦርዱ ወኪል ወዲያውኑ አስታወቁ፤ ለቤት ማቆሚያ የሚሆን እንጨት የጫኑ ባለ ሸራ መርከቦችም መጡ። ገንዘብ የነበረው ሕመምተኛ ሠራተኛ ቀጠረ፤ ምንም ላልነበረው ግን ቄሱ ራሳቸው፣ በሽታው በያዛቸው ልጆች እየተረዱ፣ ቤት ሠሩለት። ያ የጐስቋላ ጎጆዎች መንደር ቀስ በቀስ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ግድግዳው የጣውላ፣ በኖራ የተቀባ የቤት ሠፈር ሆነ። ነፋሱ ባይነሣ ኖሮ ያ ሁሉ እንጨት መቼ ይመጣ እንደ ነበር ማን ያውቃል? ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለጤና ቦርዱ ባቀረቡት ዘገባ አባ ዳምያን ይህን ነገር ሲያወሱ ስለ ራሳቸው የጻፉት እጅግ ጥቂት ነው።

ሌላውን ሥራቸውን ባጭሩ ልለፈው። ውኃ በቧንቧ እንዲመጣ አደረጉ፤ የሬሳ ሣጥን ሠሩ፣ መቃብር ቆፈሩ፤ ለወላጅ አልባ ልጆች መኖሪያ አዘጋጁ፤ ገደሉን ወጥተው በደሴቲቱ ደቡብ በ1876 በካማሎ የቅዱስ ዮሴፍን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ።

በ1884 መጨረሻ እግራቸውን ለመታጠብ ከፈላ ውኃ ውስጥ ሲያስገቡ ቆዳቸው ተቃጠለ፤ ሕመሙ ግን አልተሰማቸውም። በዚህ በሽታው እንደ ያዛቸው አወቁ። ተሐዋሲውን ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን እርሳቸው ሞሎካይ በገቡበት በ1873 አግኝቶት ነበር፤ መድኃኒት ግን ገና አልነበረም። በ1886 ወንድም ዮሴፍ ደተን፣ በኖቬምበር 1888 እናት ማሪያን ኮፕ ከእኅቶቻቸው ጋር ለእርዳታ መጡ። ማርች 15 እና 16 ቀን 1889፣ ከሐዋይ በስተ ደቡብ ርቃ በምትገኘው ሳሞአ፣ በአፒያ ወደብ ዐውሎ ነፋስ ስድስት የጀርመንና የአሜሪካ የጦር መርከቦችን ከድንጋይና ከዳርቻ ጋር አላተመ፤ ወደ ክፍት ባሕር ገፍታ የወጣችው የእንግሊዞች መርከብ ብቻ ዳነች። በዚያ ባሕር ላይ አዛዦች ከዳርቻ ለመራቅ ለምን ይቻኰሉ እንደ ነበር ይህ ያስረዳል። ከአንድ ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1889፣ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ አባ ዳምያን በ49 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በመጀመሪያ ባደሩበት ዛፍ ሥርም ተቀበሩ።

በሐዋይ የመለየቱ ሕግ የቀረው በ1969 ነው፤ እስከዚያ ድረስ 8,000 ያህል ሰዎች ወደዚያ ዳርቻ ተልከዋል። በአገራችን ባሕር ባይኖርም ሕሙማኑ ከመንደር ወጥተው በየደብሩ ደጃፍ የኖሩበትን ዘመን ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ፤ በአርሲ ያለው የጋምቦ ሆስፒታል፣ በሐረር አጠገብ ያለው ቢሲዲሞም የተጀመሩት ለእነርሱ ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሽታው በተቀናጁ መድኃኒቶች በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል፤ ሕክምና የጀመረ ሰውም ብዙ ሳይቆይ ለሌላ አያስተላልፍም። በቆዳው ላይ መልኩ የተለየ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ያለበትን ሰው ካቴኪስቶች ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ የሚዘገይ ሰው እጅና እግሩን ያጣል፣ ጐረቤቶቹም መራቅ ይጀምራሉ።

በ1936 የአባ ዳምያን አፅም ወደ ሉቨን ተወሰደ። ጁን 4 ቀን 1995 በብራስልስ በር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ብፁዕ ሲባሉ ቀኝ እጃቸው ለሐዋይ ተመልሶ በካላዋኦ በቀድሞ መቃብራቸው ተቀበረ፤ ኦክቶበር 11 ቀን 2009 በር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ ቅዱስ ተባሉ። መቃብሩ ያለበት ዳርቻ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከባድ ጭነት የሚያመጣው መርከብ ግን የሚደርሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ማዕበሉ በሚረግብባቸው ወራት ነው።