ሃይራም ኮድ

ሃይራም ኮድ (ጥር 3 ቀን 1830 – የካቲት 12 ቀን 1879 ዓ.ም.፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጃንዋሪ 10 ቀን 1838 – ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1887) እንግሊዛዊ መሐንዲስና የፈጠራ ሰው ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው አንገቱ ውስጥ የመስታወት ብይ ያለበትን የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በመፍጠሩ ነው። ጠርሙሱ በፈጣሪው ስም የኮድ ጠርሙስ ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በብሪታንያና በቅኝ ግዛቶቿ የነበሩ ብዙ ትናንሽ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበት ነበር። ዛሬ ደግሞ የድሮ ጠርሙስ የሚሰበስቡ ሰዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው ዕቃዎች አንዱ ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከኮድ በፊት የነበረው ችግር

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 ውሃን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ጋር የሚያዋህድበትን ዘዴ አገኘ። በ1783 ትውልደ ጀርመናዊው ያኮብ ሽዌፕ በስዊዘርላንድ ከተማ በጄኔቫ ጋዝ ያለው ውሃ እያመረተ መሸጥ ጀመረ። በ1792 ወደ ለንደን ሄዶ እዚያም ሥራውን ቀጠለ። ከእነሱ በኋላ በመጡት አሥርት ዓመታት በየከተማው ጋዝ ያለው ውሃ፣ ሎሚናትና የዝንጅብል መጠጥ የሚሞሉ አነስተኛ ፋብሪካዎች ተከፈቱ።

ለእነዚህ ፋብሪካዎች ትልቁ ችግር ጋዙን በጠርሙሱ ውስጥ አፍኖ ማቆየት ነበር። መክደኛው ቡሽ ነው። ቡሽ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚያ ክፍተት ጋዙ ይወጣና መጠጡ ጣዕሙን ያጣል። ለዚህ የተገኘው የመጀመሪያው መላ መቀመጫ የሌለው፣ ታችው እንደ እንቁላል የሾለ ጠርሙስ ነበር። ይህ ጠርሙስ ሃሚልተን በሚባል ሰው ስም ይጠራል። መቆም ስለማይችል ሁልጊዜ በጎኑ ይተኛል፤ መጠጡም ቡሹን እያራሰ እንዳይኮማተር ያደርገዋል። ሆኖም ቡሹ በጋዙ ግፊት እንዳይፈናጠር በሽቦ መታሰር ነበረበት። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ አዲስ ቡሽ፣ አዲስ ሽቦና የሰው ጉልበት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

የሕይወት ታሪክ

ኮድ የተወለደው በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ ግዛት፣ በሪ ሴንት ኤድመንድስ በምትባል ከተማ ነው። በወጣትነቱ ለአንድ የቡሽ ኩባንያ ተዘዋዋሪ ሻጭ ሆኖ ሠርቷል። ሥራው ቡሽ ከሚገዙ የመጠጥ ፋብሪካዎች ጋር ያገናኘው ነበር፤ የቡሽን ድክመትም ያወቀው በዚሁ አጋጣሚ ነው። ቡሽ እየሸጠ የኖረ ሰው ቡሽን ከለስላሳ ጠርሙስ ለማስወጣት መነሳቱ በታሪኩ ውስጥ ከሚያስገርሙት ነገሮች አንዱ ነው።

ወደ 32 ዓመት ዕድሜው ሲጠጋ በለንደን ካሌዶኒያን መንገድ ላይ አነስተኛ የማዕድን ውሃ ፋብሪካ አቋቋመ። ሐሳቡን የሞከረውም እዚያ ነው። በ1870 ስለ ጠርሙስ መክደኛ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት (ፓተንት) አወጣ። ለሙከራው የሚያስፈልገውን ገንዘብ የሰጠው በለንደን የማዕድን ውሃ ፋብሪካ የነበረው ሪቻርድ ባሬት ነበር። በ1872 ዲዛይኑ ተሻሽሎ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ፤ በ1873 ደግሞ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጠው።

ጠርሙሱ እንዴት ይሠራል?

የኮድ ጠርሙስ ምንም ዓይነት የውጭ ክዳን የለውም። ክዳኑ በውስጡ ያለው የመስታወት ብይ ነው፤ ብይዋን አፉ ላይ አጥብቆ የሚይዛት ኃይል የሚመጣው ደግሞ ከመጠጡ ነው።

በጠርሙሱ አፍ ውስጠኛ ክፍል ዙሪያውን ጠባብ ቦይ አለ፤ ቦዩ ውስጥ የጎማ ቀለበት ይገባል። አንገቱ ከሥሩ ተጣብቦ የተሠራ ስለሆነ ብይዋ ወደ ጠርሙሱ ሆድ መውደቅ አትችልም። ብይዋ የምትገባው ጠርሙሱ ሲሠራ፣ አፉ ገና ጠቦ ሳያልቅ ነው። አፉ ከተሠራ በኋላ ጠርሙሱን ሳይሰብሩ ማውጣት አይቻልም።

በፋብሪካው ጠርሙሱ መጠጡና ጋዙ ከተሞላበት በኋላ ይገለበጣል። ብይዋ ወደ አፉ ትወርዳለች፤ ጋዙም ገፍቶ ከጎማው ጋር ያጣብቃታል። ጠርሙሱ ተመልሶ ሲቆም ግፊቱ ስለማይለቃት እዚያው ትቀራለች። በውስጥ ያለው ግፊት በጨመረ ቁጥር ክዳኑም ይጠብቃል። ለመክፈት በትንሽ የእንጨት መግፊያ ብይዋን ወደ ታች መጫን ይበቃል፤ ጋዙ ተፍ ብሎ ይወጣና ብይዋ አንገቱ ውስጥ ትወድቃለች። በአንገቱ አንድ ጎን ወደ ውስጥ የገቡ ጉብታዎች አሉ። መጠጡ ሲቀዳ ጠርሙሱ በዚያ ጎን ከተዘነበለ ብይዋ ጉብታዎቹ ላይ ታርፋለች፤ አፉን ተመልሳ አትዘጋም።

ንግዱ

ኮድ ብዙውን ገቢ ያገኘው ከፈጠራ መብቱ ነበር። የለስላሳ ፋብሪካዎች በጠርሙሱ ለመጠቀም ፈቃድ ይገዙ ነበር። የመስታወት ፋብሪካዎችም ጠርሙሱን ለመሥራት ፈቃዱን ማግኘት ነበረባቸው፤ ብይውን፣ የጎማውን ቀለበትና በአፉ ውስጥ ቦዩን የሚያወጣውን መሣሪያ የሚገዙትም ከኮድ ነበር። በዚህ አሠራር ኮድ ራሱ ትልቅ የመስታወት ፋብሪካ ሳይገነባ ጠርሙሱ በብዙ ከተሞች ተሰራጨ።

በሥራው በጣም ከተሳቡት የመስታወት አምራቾች አንዱ በዮርክሻየር በባርንስሊ አቅራቢያ ሆፕ የተባለ የመስታወት ፋብሪካ የነበረው ቤን ራይላንድስ ነው። ሁለቱ በ1877 ሽርክና ገቡ። ራይላንድስ በ1881 ሲሞት ልጁ ዳን ቦታውን ተካ። ዳን የራሱን ማሻሻያዎች እየጨመረ በስሙ የፈጠራ መብቶች ያወጣ ሰው ነበር። ሽርክናው በ1884 ፈረሰ፤ የባርንስሊው ሥራም በዳን እጅ ቀረ።

ኮድ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በ1887 በለንደን ብሪክስተን በ49 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ከተማ በብሮምፕተን መካነ መቃብር ነው።

ብይዋና ልጆቹ

ጠርሙሱ ውድ፣ መስታወቱም ወፍራም ስለነበር የተሠራው ብዙ ጊዜ እየተሞላ እንዲያገለግል ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ ፋብሪካ ስሙን፣ የከተማውን ስምና አንዳንዴም የንግድ ምልክቱን በመስታወቱ ላይ ጎላ ብሎ እንዲወጣ ያደርግ ነበር። ዓላማው ጠርሙሱ የማን እንደሆነ ታውቆ ባዶው ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ነው።

ነገር ግን በውስጡ ያለችው ብይ ለልጆች ጥሩ መጫወቻ ነበረች። ብይዋን ለማውጣት ደግሞ ጠርሙሱን ከመስበር ሌላ መንገድ አልነበረም። በዚህ ምክንያት እጅግ ብዙ ጠርሙሶች ለብይ ጨዋታ ሲባል ተሰባብረዋል፤ ኪሳራውም በየከተማው ባሉት አነስተኛ ባለፋብሪካዎች ላይ ወደቀ። ጠርሙሱን ከቡሽ ያስበለጠችው ያችው ብይ ለመሰበሩም ምክንያት ሆነች።

የጠርሙሱ መተካት

በ1892 በአሜሪካ ባልቲሞር ይኖር የነበረው ዊልያም ፔይንተር ዛሬ በአማርኛ ቆርኪ የምንለውን የቆርቆሮ ክዳን ፈጠራ መብት አወጣ። ቆርኪ ርካሽ ነው፤ አንዴ ተከፍቶ ይጣላል፤ ጠርሙሱም ቀላልና ለማጠብ የሚመች ይሆናል። የኮድ ጠርሙስ አንገት ግን ጠማማ ስለነበር በደንብ ማጠብ ያስቸግር ነበር። ጠርሙስ በማሽን መሠራት ሲጀምርም እንዲህ ያለ ቅርጽ ለማሽኑ አልተመቸም። በብሪታንያ ጠርሙሱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ።

በሁለት አገሮች ግን እስከ ዛሬ አለ። በጃፓን ራሙኔ የሚባለው ጣፋጭ መጠጥ በዚህ ዓይነት ጠርሙስ ይሸጣል፤ ስሙም ሎሚናት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። በሕንድ ደግሞ በሰሜኑ ባንታ፣ በደቡቡ ጎሊ ሶዳ በሚል ስም መንገድ ላይ ይሸጣል።

ጠርሙሱና ሰብሳቢዎች

በብሪታንያ የቪክቶሪያ ዘመን የቆሻሻ መጣያ ቦታዎችን እየቆፈሩ የድሮ ጠርሙስ መፈለግ ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ ጀምሮ የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ከሚወጡት ዕቃዎች መካከል የኮድ ጠርሙስ ተፈላጊ ነው። ሰብሳቢዎች ዋጋውን ሲገምቱ የሚመለከቷቸው ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

ቀለም፦ አብዛኞቹ ጠርሙሶች ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ፈዛዛ ቀለም አላቸው። ደማቅ ሰማያዊ፣ ቡናማና ጥቁር አረንጓዴ የሆኑት ጥቂት ስለሆኑ ውድ ናቸው። አፋቸው ብቻ ሌላ ቀለም ያለውም ይፈለጋሉ።

ጽሑፍ፦ የአንዲት ትንሽ ከተማ ፋብሪካ ስም ያለበት ጠርሙስ በተለይ በዚያ አካባቢ ተወላጆች ዘንድ ዋጋ አለው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከጠፉ ቆይተዋል፤ አንዳንዶቹም ዛሬ የሚታወሱት በጠርሙሳቸው ነው።

ቅርጽ፦ የኮድን አንገት ከሃሚልተን የሾለ መቀመጫ ጋር ያጣመሩ ጠርሙሶች ብዙ ስላልሆኑ ይፈለጋሉ።

ጤንነት፦ አፉ ያልተሸረፈና ብይዋ በውስጡ ያለች መሆን አለባት።

ስለ ስሙ የሚነገር ተረት

በእንግሊዝኛ እርባና ቢስ ወሬን ኮድስዎሎፕ የሚል ቃል አለ። ቃሉ ከኮድ ስምና ዎሎፕ ከሚለው የቢራ የአራዳ ስም ተጣምሮ፣ ቢራ ጠጪዎች በለስላሳው ሲያሾፉ የተፈጠረ ነው እየተባለ ይነገራል። ይሁን እንጂ ቃሉ በጽሑፍ መገኘት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ኮድ ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ ታሪኩ ማስረጃ የለውም። የኮድ ስም ያለ ጥርጥር የሚገኘው በጠርሙሶቹ ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ የፋብሪካውን ስም ከፊት፣ የእሱን ስም ደግሞ ከኋላ ይዘው እስከ ዛሬ ከመሬት ይወጣሉ።