የሔንሪዬታ ላክስ ታሪክና የቁሐር ሚካኤል ልጃገረዶች

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ነገሥታት፣ የጦር አዝማቾችና ሊቃውንት ናቸው፡፡ ዛሬ የምንጽፍላት ሴት ግን ትምህርትዋን በልጅነትዋ ያቋረጠች የትንባሆ ገበሬ ነበረች፡፡ ስለ እርስዋ ለመጻፍ ያነሣሣን ባለፈው ክረምት በፎገራ የገጠመን ጉዳይ ነውና፣ አንባቢ ጥቂት ቢታገሠን ኋላ እንመለስበታለን፡፡

ሔንሪዬታ ላክስ የተወለደችው በፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 1 ቀን 1920፣ በአሜሪካን አገር በቨርጂኒያ፣ ሮአኖክ በምትባል ከተማ ነው፡፡ (የእርስዋን ታሪክ ስንናገር ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው፡፡) ወላጆችዋ ያወጡላት ስም ሎሬታ ነበረ፡፡ አራት ዓመት ሲሆናት እናትዋ አሥረኛ ልጅዋን ስትወልድ ሞተች፡፡ አባትየው ያን ሁሉ ልጅ ብቻውን ማሳደግ ስላልቻለ ለዘመድ አከፋፈላቸው፤ ሔንሪዬታም ክሎቨር በምትባል መንደር ለሚኖሩት አያትዋ ደረሰች፡፡ የኖሩበት የግንድ ቤት ቀድሞ የባሮች መኖሪያ የነበረ ነው፡፡ ትንባሆ መትከል፣ ቅጠሉን መልቀም፣ አድርቆም ለገበያ ማድረስ የልጅም የአዋቂም ሥራ ነበረ፡፡ የፎገራ ልጅ ይህን ለመገመት አይቸገርም፤ የርብና የጉማራ ውኃ ሜዳውን በሚሞላበት ወራት ወገባቸውን አጉብጠው ከሩዝ ማሳ ውስጥ የሚውሉትን ሴቶች ማስታወስ ይበቃዋል፡፡

የመጀመሪያ ልጅዋን የወለደችው በ14 ዓመትዋ ነው፡፡ ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልን፡፡ የልጅዋ አባት በአያትዋ ቤት አብሮአት ያደገው ዘመድዋ ዴቪድ ላክስ ሲሆን በ1941 ተጋቡ፡፡ ከዚያ በኋላ እንጀራ ፍለጋ፣ የብረት ፋብሪካ ወደሚገኝበት ወደ ባልቲሞር አካባቢ ሄዱ፡፡ አምስት ልጆች ወለዱ፡፡

በጃንዋሪ 29 ቀን 1951፣ የመጨረሻ ልጅዋን ከወለደች ጥቂት ወራት በኋላ፣ ሔንሪዬታ ከሆድዋ ውስጥ አንዳች እብጠት ይሰማኛል ብላ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች፡፡ በዚያ ዘመን የጥቁርና የነጭ በሽተኛ መኝታ የተለያየ ነበር፡፡ ሐኪሙ የማኅፀን በር ካንሰር አገኘባት፡፡ ለሕክምና ራዲየም ሲያደርጉላት ከእባጩና ከጤነኛው ገላዋ ትንሽ ትንሽ ቁራጭ ወስደው ለዶክተር ጆርጅ ጌይ ላቦራቶሪ ሰጡ፡፡ እርስዋን የጠየቀ አልነበረም፡፡ ለባልዋም የነገረው የለም፡፡ በኦክቶበር 4 ቀን 1951፣ በ31 ዓመትዋ ሞተች፡፡ ሬሳዋ ወደ ክሎቨር ተመልሶ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ፡፡

እርስዋ ብትሞትም ሕዋሶችዋ አልሞቱም፡፡ ዶክተር ጌይ ለብዙ ዓመታት የሰውን ሕዋስ ከሰውነት ውጭ ለማኖር ቢደክሙም ሁሉም እየሞተባቸው ተቸግረው ነበር፡፡ የሔንሪዬታ ግን በአንድ ቀን ገደማ እጥፍ እየሆነ፣ ምግብ እስካገኘ ድረስ መራባቱን የማያቆም ሆኖ ተገኘ፡፡ ከስምዋና ከባልዋ የቤተ ሰብ ስም መጀመሪያ ፊደላት ሂላ ተብሎ ተሰየመ፡፡ የዶክተር ሶልክ የፖሊዮ ክትባት የተመረመረው በነዚህ ሕዋሳት ነው፤ ከዚያም በዓለም ላይ ሕዋሱ ያልደረሰበት ላቦራቶሪ ጥቂት ነው፡፡ የባለቤቲቱ ስም ግን ለብዙ ጊዜ ሔለን ሌን እየተባለ በስሕተት ሲነገር ኖረ፡፡ ልጆችዋ ነገሩን የሰሙት በ1973፣ ከሞተች ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው፡፡ ሕዋሱን እያራቡ የሚሸጡ ኩባንያዎች ሲከብሩ ከልጆችዋ መካከል ለሕክምና የሚከፍሉት አጥተው የተቸገሩ ነበሩ፡፡ ሐኪሞቹ የዘመኑን ልማድ ነው የፈጸሙት የሚል ክርክር አለ፡፡ እኛ ግን ልማድ መሆኑ ነገሩን ያስረዳል እንጂ አያቀልለውም እንላለን፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፡፡ ጀርመናዊው ሊቅ ሐራልድ ሱር ሐውዘን የማኅፀን በር ካንሰር ከሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚመጣ ነው ብለው ሲነሡ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም ነበር፡፡ በ1983 ከቫይረሱ ዓይነቶች ቁጥር 16ን፣ በዓመቱም ቁጥር 18ን አገኙ፡፡ ቁጥር 18 ከሔንሪዬታ ሕዋሳት ውስጥ ተገኘ! የገደላት እርሱ ነበር፡፡ ሁለቱ ዓይነቶች በዓለም ላይ ከ10 የማኅፀን በር ካንሰሮች የሰባቱ ያህል ምክንያት ናቸው፡፡ ክትባቱ በ2006 ሥራ ላይ ዋለ፤ ሱር ሐውዘንም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፡፡

በአገራችን የማኅፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ነው፡፡ መንግሥት ክትባቱን በመላ አገሪቱ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ የተመረጡት የ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበሩ፡፡ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ መርፌ ወደ አንድ ተቀንሶ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጠ፡፡ ዕድሜው እንዲህ የሚያንስበት ምክንያት ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፍና ክትባቱም የሚከላከል እንጂ የገባውን የሚያስወጣ ስላልሆነ ነው፡፡ ሔንሪዬታ በ14 ዓመትዋ እናት ነበረች፤ በእኛም ገጠር በዚያ ዕድሜ የሚዳሩ አሉ፡፡ ክትባቱ በብዛት የሚሰጠው በትምህርት ቤት በኩል ነው፡፡ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷልና፣ ከክፍል የቀረችው ልጅ ከመርፌውም የምትቀር መሆንዋ ያሳስበናል፡፡

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዳንዶቹ ለዕረፍት ወደ ቁሐር ሚካኤል ወርደን ሳለ አንዲት እናት ይህ መርፌ ልጅ መካን ያደርጋል ይባላልና እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁን፡፡ ሐሰት መሆኑን፣ በመርፌው ውስጥ ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን የቅርፊቱ አምሳያ ብቻ መኖሩን ነገርናቸው፡፡ ቀጥለን የሔንሪዬታን ታሪክ አወራናቸው፡፡ እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ሐኪም ሳያስፈቅድ ከገላ ቈርጦ እንደ ወሰደ መናገር ጥርጣሬያቸውን ያብሰዋል ያሉ ነበሩ፡፡ እኛ ግን ደብቀን እመኑን ማለቱ አላስቻለንም፡፡

እርሳቸው ሁሉንም ሰምተው የጠየቁን ስለ ልጆችዋ ነው፡፡ በ2010 ለመቃብርዋ ድንጋይ እንደ ቆመላት፣ በ2021 የዓለም የጤና ድርጅት ስለ እርስዋ የክብር ሽልማት ለበኩር ልጅዋ እንደ ሰጠ፣ በ2023ም ቤተ ሰቡ ከከሰሱት ኩባንያ ጋር እንደ ታረቁ ነገርናቸው፡፡ ቀጥለው ለራሳቸው የሚሆን መርፌ ይኖር እንደ ሆነ ጠየቁን፡፡ ክትባቱ ለልጃገረዶች መሆኑን፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት እናቶች ግን በሆምጣጤ መሰል ፈሳሽ የሚደረግ ምርመራ እንዳለ፣ ይህንኑም በጤና ጣቢያ እንዲጠይቁ አስረዳናቸው፡፡ ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ በጭቃ ተይዞ ነበርና ውኃው ሲጐድል እሄዳለሁ አሉ፡፡ የልጃቸውን ነገር ግን እኛ ወደ ትምህርታችን እስክንመለስ ድረስ አልወሰኑም ነበር፡፡