የማዕበሉ ሸሪፍ፤ ዱክ ካሃናሞኩ

በነሐሴ ወር 2020 ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ የሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ለብዙዎቻችን እንግዳ በሆነ ክርክር ላይ ውሳኔ ሰጠ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተከራካሪዎቹ ዓለም አቀፉ የሰርፊንግ ማኅበርና ዓለም አቀፉ የታንኳ ፌዴሬሽን ነበሩ። ያጣላቸው ሰው በሳንቃ ላይ ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ ውሃውን እየገፋ የሚሄድበት፣ ስታንድ አፕ ፓድል የሚባለው ስፖርት ነው። መቅዘፊያ ስላለው የታንኳ ዘመድ ነው? ወይስ ሳንቃ ስለሆነና ማዕበል ስለሚጋለብበት የሰርፍ ወገን? ፍርድ ቤቱ ስፖርቱን በኦሊምፒክ ደረጃ የሚመራው የሰርፊንግ ማኅበሩ ነው ብሎ ወሰነ።

ዱክ ካሃናሞኩ በሕይወት ኖሮ ይህን ክርክር ቢሰማ ግራ ይገባው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። እሱ ባደገበት የዋይኪኪ ባሕር ዳር ታንኳና ሳንቃ የአንድ ቤት ዕቃዎች ነበሩ። ጠዋት ታንኳ የቀዘፈ ሰው ከሰዓት በኋላ ሳንቃውን ይዞ ይገባል፤ ሲያሰኘው ደግሞ የታንኳውን መቅዘፊያ ይዞ ሳንቃው ላይ ይቆማል። የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዱክ ፓኦዋ ካሃናሞኩ የተወለደው ነሐሴ 24 ቀን 1890 በሆኖሉሉ ከተማ ነው። ሃዋይ ያኔ የራሷ ንጉሥ፣ የራሷ ባንዲራ ያላት ነፃ አገር ነበረች። ዱክ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ መስፍን ማለት በመሆኑ ብዙ ሰው የማዕረግ ስም ይመስለው ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በ1869 የእንግሊዙ ልዑል አልፍሬድ፣ የኤዲንብራ መስፍን፣ ሆኖሉሉን በጎበኙ ጊዜ ለተወለደው አባቱ መታሰቢያ ተብሎ የወጣ ስም ነው፤ ልጁም የአባቱን ስም ወረሰ። አባቱ ፖሊስ ነበር። ዱክ ከዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያው ነው።

ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር ወር 1893፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ተወላጅ የሆኑ ነጋዴዎችና የስኳር ባለሀብቶች የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮችን ተገን አድርገው ንግሥት ሊሊዑኦካላኒን ከዙፋን አወረዱ። በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች። በአንድ ሰው የልጅነት ዕድሜ ውስጥ አገር ጠፋች ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም ከውጭ የገባ በሽታ የደሴቶቹን ሕዝብ ክፉኛ ቀንሶት ነበር። ሚሲዮናውያኑም ራቁትነትንና ሥራ ፈትነትን ያስፋፋል ብለው ስላልወደዱት፣ የማዕበል ግልቢያ እየከሰመ ሄዶ በምዕተ ዓመቱ መገባደጃ ላይ ሳንቃ ይዞ ባሕር የሚገባው ሰው ጥቂት ብቻ ነበር።

ሃዋያውያን ከጥንት ጀምሮ የተለያዩ ሳንቃዎች ነበሯቸው። ኦሎ የሚባለው ረጅም፣ ወፍራምና ከባድ ሲሆን የመኳንንት ነው። አላያ የሚባለው ደግሞ አጭርና ስስ ስለሆነ ሰው ቆሞበት ሳይንቀሳቀስ ይሰምጣል፤ የሚሸከመው በማዕበሉ ፍጥነት ብቻ ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዱክ ትምህርቱን አልጨረሰም። ባሕሩ ትምህርት ቤቱ ሆነ። በ1908 ሆኖሉሉ ውስጥ በነጮች የተመሠረተ የታንኳና የሰርፍ ክበብ ነበር፤ እሱና ጓደኞቹ ደግሞ የሃዋይ ተወላጆች በብዛት የነበሩበትን ሁዪ ናሉ የተባለ የራሳቸውን ክበብ አቋቋሙ። ትርጉሙ የማዕበል ማኅበር እንደማለት ነው። ነሐሴ 11 ቀን 1911 በሆኖሉሉ ወደብ ውስጥ በተካሄደ ውድድር 100 ያርድ በ55.4 ሰከንድ ዋኘ። የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን በ4.6 ሰከንድ አሻሻለ ማለት ነው፤ በዋና ውድድር ይህ የማይታመን ልዩነት ነው። አሜሪካ ያለው የአማተር ስፖርት ማኅበርም አላመነም። ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል፣ የባሕሩ ሞገድ ገፍቶት ይሆናል በሚል ውጤቱን ሳያጸድቅ ቀረ።

መልሱን ስቶክሆልም ላይ ሰጠ። በ1912ቱ ኦሊምፒክ ግን ሳይወዳደር ሊቀር ነበር። እሱና የአሜሪካ ጓደኞቹ በፕሮግራም አለመግባባት የግማሽ ፍጻሜው ማጣሪያ አመለጣቸው። ከፍጻሜው ቢወጡ ከሚጠቀሙት አንዱ አውስትራሊያዊው ዋናተኛ ሴሲል ሂሊ ነበር። ሆኖም አሜሪካውያኑ ሌላ ማጣሪያ እንዲፈቀድላቸው ከተሟገቱት አንዱ ራሱ ሂሊ ነው። ተፈቀደ። ዱክ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ወርቅ፣ ሂሊ ብር ወሰዱ። ሂሊ በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ወደቀ። ከስፖርት ታሪክ ይህን የመሰለ ነገር ሳነብ፣ ዛሬ ለአንድ የቪዲዮ ዳኝነት የሚፈሰው ቁጣ ትንሽ ያስተዛዝበኛል።

በዚያው ኦሊምፒክ የዱክ የቡድን ጓደኛ የነበረው ቀይ ሕንዳዊው ጂም ቶርፕ በሁለት ውድድሮች ወርቅ አገኘ። በ1913 መጀመሪያ ግን ቀደም ሲል ለቤዝቦል ጨዋታ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። ብቸኛ አሸናፊነቱ ሙሉ በሙሉ የተመለሰለት በ2022 ነው፤ እሱ ከሞተ ወደ 70 ዓመት ገደማ በኋላ። የቶርፕ ዕጣ የዚያን ዘመን ስፖርተኛ ሁሉ የሚያስፈራ ነበር። ለዋናህ አንድ ሳንቲም ከተቀበልክ አለቀልህ ነው ነገሩ። ዱክ ምርጥ ዕድሜውን በዚህ ሕግ ሥር አሳለፈ።

የሂሊን አገር ለማየት በ1914 መጨረሻ ላይ ወደ አውስትራሊያ ተጓዘ። ዋናውን ሊያሳይ ነበር የሄደው፤ ይዞ ያልሄደውን ግን እዚያው ሠራ። ከአካባቢው የእንጨት ነጋዴ በተገኘ ጥድ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ የሆነ ሳንቃ በእጁ ጠርቦ ሲድኒ አጠገብ በምትገኘው ፍሬሽዋተር ባሕር ዳር ወደ ማዕበሉ ገባ። በ1915 መጀመሪያ ላይ ኢዛቤል ሌታም የተባለችውን የ15 ዓመት ልጃገረድ ከፊቱ አቁሞ ጋለበ። እንግዲህ ዛሬ ሰርፊንግ እንደ ብሔራዊ መለያ የሚቆጠርባት አውስትራሊያ ታሪኩን ስትናገር ከዚያ ሳንቃ ትጀምራለች። ሳንቃው አሁንም በፍሬሽዋተር የነፍስ አድን ክበብ ተጠብቆ ይገኛል።

የ1916ቱ ኦሊምፒክ በጦርነቱ ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። በ1920 አንትወርፕ ላይ የ30 ዓመት ሰው ሆኖ በ100 ሜትርና በቅብብል ሁለት ወርቅ አገኘ። በ1924 ፓሪስ ላይ ግን ጆኒ ዌይስሙለር የተባለ ወጣት ቀደመው። ዱክ ሁለተኛ፣ ታናሽ ወንድሙ ሳሙኤል ሦስተኛ ወጡ። ዌይስሙለር ማን እንደሆነ የድሮ ሲኒማ ወዳጆች ታውቁታላችሁ፤ ታርዛን ነው። ነጩ ሻምፒዮን የጫካው ንጉሥ ሆኖ በመሪ ተዋናይነት ሲከብር፣ ጠይሙ ሻምፒዮን ሆሊውድ ውስጥ የተሰጠው የደሴት አለቃ፣ የቀይ ሕንድ ጎሳ መሪና የመሳሰለው ጥቂት ደቂቃ የሚታይ ሚና ነበር።

ካሊፎርኒያ በኖረበት ጊዜ ያደረገውን ግን የትኛውም ፊልም አልደረሰበትም። ሰኔ 14 ቀን 1925 ጠዋት ኒውፖርት ቢች አጠገብ ቴልማ የተባለች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ 29 ሰዎች እንደያዘች ከባድ ማዕበል ገለበጣት። ዱክ ሳንቃውን ይዞ ገባ። እየተመላለሰ ብቻውን 8 ሰው አወጣ፤ ጓደኞቹ ሌሎች 4 አተረፉ። 17ቱ ሞቱ። ዋና የቱንም ያህል ቢችል ሰው በባዶ እጁ በዚያ ማዕበል ውስጥ አንዱን ይዞ መውጣት ይከብደዋል። ያዳናቸው ሳንቃው ነው፤ የሰጠመው የሚይዘው ነገር አገኘ፣ አዳኙም ጉልበቱ ሳያልቅ ተመላለሰ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ባሕር ዳርቻዎች የነፍስ አድን ሠራተኞች ሳንቃን እንደ መሣሪያ መያዝ እየተለመደ መጣ።

የዱክ የራሱ ሳንቃ ዛሬ ለሚያየው የቤት ምሰሶ ይመስላል። ኮዋ ከሚባለው የሃዋይ እንጨት የተሠራ፣ ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ፣ 52 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነው። በ1917 ከዋይኪኪ ወጣ ብሎ በተነሣ ታላቅ ማዕበል ላይ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የጋለበው እንዲህ ባለ ሳንቃ ነበር። የእሱ አድናቂ የነበረው ቶም ብሌክ የድሮዎቹን የመኳንንት ሳንቃዎች ሆኖሉሉ በሚገኘው ቢሾፕ ሙዚየም አጥንቶ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀላል ሳንቃ ሠራ፤ በ1935ም ከሥሩ ክንፍ ገጠመለት። ክንፉ ሳንቃው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ስለሚይዘው ማሳጠር ተቻለ።

አሁን ወደ መቅዘፊያው። የዋይኪኪ የባሕር ዳር ልጆች የሚባሉት፣ ቱሪስት እያሰለጠኑ የሚኖሩት ወጣቶች፣ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የታንኳ መቅዘፊያ ይዘው በሳንቃቸው ላይ ይቆሙ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቆመ ሰው ከሩቅ የሚመጣውን ማዕበል ቀድሞ ያያል፣ ተማሪዎቹን ይጠብቃል፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሳይረጥብ ፎቶ ያነሳል። የዚህ ልማድ ጀማሪዎች ሲጠሩ ከአህቾይ ወንድማማቾች ጋር የዱክም ስም ይነሳል። ልማዱ ተረስቶ ቆይቶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሌርድ ሃሚልተን፣ ዴቭ ካላማና ብራያን ኬኡላና የመሳሰሉ የሃዋይ ሰዎች አነሱት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ዓለምን አዳረሰ።

በመጀመሪያ ሳንቃዎቹ ከ3 ሜትር በላይ ርዝመትና 150 ወይም 200 ሊትር ይዘት ነበራቸው። እንዲህ ያለው ሳንቃ ጀማሪን አይጥልም፤ ማዕበል ላይ ግን እንደ ጭነት መኪና ለመታጠፍ ያስቸግራል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ያሳጥሩት፣ ያቀጥኑት ጀመር። ሒሳቡ የአርኪሜድስ ነው። አንድ ሊትር ይዘት አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ራሱ 6 ኪሎ በሚመዝን የ80 ሊትር ሳንቃ ላይ ሲቆም፣ ሳንቃው ከውሃው ወለል ጋር እኩል ይሆናል። ቆሞ ማረፍ የለም። ሚዛኑ የሚጠበቀው ሳያቋርጡ በመቅዘፍ ነው፤ መቅዘፊያው ሦስተኛ እግር ይሆናል። ማዕበሉ ሲደርስ ግን ነጂው አስቀድሞ ቆሟልና ተኝቶ በእጁ ከሚቀዝፈው ቀድሞ ይነሳል፤ ሲታጠፍም መቅዘፊያውን ውሃው ላይ ተደግፎ ከተለመደው ሰርፍ የማይተናነስ ሹል ዙር ይሠራል። በዚህ ቀዳሚነቱ የተነሳ ተኝተው የሚጠብቁት ተራችንን ቀማን እያሉ መጨቃጨቃቸው አልቀረም። አምራቾች አዲስ ግኝት አድርገው የሚሸጡት ይህ ቆሞ የማያስቀምጥ ትንሽ ሳንቃ ግን፣ አስተሳሰቡ የአላያ ነው። ዱክ ሲወለድ ሊጠፋ የደረሰው ያ ስስ እንጨት።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ከኦሊምፒክ አምስት ሜዳሊያ፣ ከዚያም ሦስቱ ወርቅ፣ ይዞ ወደ ሆኖሉሉ የተመለሰው ዱክ ኑሮ አልሞላለትም። በአንድ ወቅት ሁለት የነዳጅ ማደያዎች ያስተዳድር ነበር፤ የዓለም ሻምፒዮን ለመኪና ቤንዚን ሲቀዳ ማየት ሰውን ያሳፍር ነበር ይባላል። በ1934 የሆኖሉሉ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ። እስከ 1961 ድረስ ደጋግመው መረጡት። ሹመቱ ስሙ ትልቅ፣ ሥልጣኑ ትንሽ ነበር። ዋና ሥራው ወደቡ ላይና አየር ማረፊያው ላይ ቆሞ ለእንግዳ የአበባ ጉንጉን ማጥለቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ የከተማው ይፋዊ እንግዳ ተቀባይ ተባለ፤ ደመወዙም ከዝናው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ቱሪዝሙ በፊቱ ሥዕል ሚሊዮኖች ሲያፍስ ባለፊቱ ወር ከወር ለመድረስ ይቸገር ነበር። በ1940 ያገባት ናዲን አሌክሳንደር እስከ መጨረሻው አብራው ነበረች። በ1960ዎቹ ስሙ በሸሚዝ፣ በምሽት ክበብና በሰርፍ ውድድር ላይ ተለጠፈና ጥቂት ገቢ አገኘ። በዕድሜው የመጨረሻዎቹ ዓመታት መሆኑ ነው።

እኔ ከሁሉ የሚገርመኝ አለመማረሩ ነው። ወይም ምሬቱን አላሳየም። አገሩን ለጠቀለለው መንግሥት ዋኝቷል፤ ሃዋይ በ1959 ሃምሳኛ ክፍለ ግዛት ስትሆንም ደግፏል። ዛሬ ከሃዋይ ተወላጆች አንዳንዶቹ ይህን ሲያነሱ ቅር ይላቸዋል። ሌላ ምን አማራጭ ነበረው ብሎ የሚከራከርለትም አለ። የእሱ ፖለቲካ ባሕሩ ነበር ብሎ ማለፉ ግን ይቀላል እንጂ አያጠግብም።

ጥር 22 ቀን 1968 ዋይኪኪ በሚገኘው የጀልባ ክበብ ድንገት ልቡ ቆመ። 77 ዓመቱ ነበር። አመዱ በዋይኪኪ ባሕር ላይ ተበተነ። በ2002 አሜሪካ ምስሉን በቴምብር አወጣች። ሰርፊንግ ኦሊምፒክ ውስጥ እንዲገባ የተመኘው ምኞት የተሳካው በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲሆን፣ የሴቶቹን የመጀመሪያ ወርቅ የወሰደችው የሆኖሉሉ ልጅ ካሪሳ ሙር ናት።

በ1990 የቆመለት የነሐስ ሐውልት ዋይኪኪ ባሕር ዳር ላይ ይገኛል። ሲመረቅ ብዙዎች ተቃውመው ነበር፤ ፊቱን ወደ ከተማው፣ ጀርባውን ወደ ባሕሩ አድርጎ ቆሟልና። ባሕርን የሚያውቅ ሰው ጀርባውን አይሰጠውም ነው የሚሉት። ሐውልቱ ግን አልዞረም። እጆቹ እንደተዘረጉ ናቸው፣ ቱሪስቱም የአበባ ጉንጉን ያንጠለጥልባቸዋል። ከጀርባው ረጅሙ ሳንቃ ቆሟል፤ መቅዘፊያ ግን የለም።