ሸኽ ጦልሐ፦ በሰው አንደበት የተቀመጠ ኪታብ



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሐዋሳ ላይ ሆናችሁ ከሶላት መልስ በስልካችሁ መንዙማ የምትሰሙ ብዙ ናችሁ። ይህ አማርኛ መንዙማ በምን ቀን እንዳለፈ ግን አስባችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ለአፍታ ወደ ወሎ እንሂድ።

ሸኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር (ረሒመሁላህ) በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው ከባድ ቀን መጣ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ፤ የወሎ ሙስሊምም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ከሕዝቡ አንዳንዱ ወደ ጉራጌ፣ ወደ አርሲና ወደ ሐረርጌ ተሰደደ። አንዳንዱም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

ሸኽ ጦልሐ ዝም አላሉም፤ ተከታዮቻቸውን ይዘው በንጉሡ ላይ ተነሡ። ያ ውጊያ ከዘመኑ ጋር አለፈ። እስከ ዛሬ የቆየልን መንዙማቸው ነው።

እስቲ አስተውሉ! እሳቸው ዓረብኛ ያወቁ ዓሊም ነበሩ። በዓረብኛ ብቻ ቢገጥሙ የሚረዳቸው ኪታብ የቀራ ሰው ነበር። እሳቸው ግን በአማርኛ ገጠሙ፤ የጻፉትም በዓረብኛ ፊደል፣ ዐጀሚ በሚባለው አጻጻፍ ነው። ለአላህ ምስጋናው፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋቱ፣ የተበደለ ሕዝብ ዱዓው ሁሉ እረኛውም ባልቴቷም በሚሰሙት ቋንቋ ሆነ።

የመንዙማን ወግ ታውቁታላችሁ፦ አንዱ ያወጣል፣ ጀመዓው ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል። ፊደል ያልቆጠረም ሲቀበል ሲቀበል ይሸመድደዋል፤ ቤቱ ሲገባ ለልጆቹ ያሰማል። የተጻፈ ኪታብ ሊቃጠል ይችላል። እናት ለልጇ ያወረደችውን ግን ማን ያቃጥለዋል?

ነገር ግን ወገኖቼ፣ እሳት ያልደፈረውን ሞት ይወስደዋል። አንዲት አያት ስትሞት የምታውቀው መንዙማ፣ ከመንዙማው ጋር የምትተርከው የቤተሰብ ታሪክም አብሮ ይቀበራል። በስልካችሁ የምትሰሙት የታወቀውን ነው፤ የእናንተ ቤት መንዙማ ግን እዚያ ላይኖር ይችላል።

እንግዲያውስ ዛሬ ከዐስር በኋላ አያታችሁ ዘንድ ሂዱ፤ ሩቅ ከሆኑም ደውሉላቸው። ከእናታቸው የሰሙትን አንድ መንዙማ እንዲያወጡላችሁ ለምኗቸው፤ እናንተም ተቀበሉ፤ ድምፃቸውንም ቅዱ። ልጆቻችሁም አጠገባችሁ ይቀመጡ።

አላህ ሸኽ ጦልሐን ይማርልን፤ አደራቸውንም የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!

ጁሙዓ ሙባረክ!