የሻምበል ማሞ ወልዴ ሙግት
ከስታዲየም ተነሥቶ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ወደ ቆመበት ወደ ቀድሞው ከርቸሌ ለመድረስ እግረኛ ብዙም አይደክም። ሻምበል ማሞ ወልዴ ግን ለሜክሲኮው ወርቅ ያልደከሙትን ድካም በዚያ ግቢ ደከሙ።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ እግሩን ተጎድቶ ሲያቋርጥ ማራቶኑን ያሸነፉት እርሳቸው ናቸው። በጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በ40 ዓመታቸው ሙኒክ ላይ ሦስተኛ ወጡ። አሜሪካዊው ኬኒ ሙር በ31 ሰከንድ ተቀድሞ አራተኛ ሆነ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ በ1970 ዓ.ም. በአንድ የ15 ዓመት ልጅ ግድያ ተካፍለዋል ተብለው ታሰሩ። የልጁ ደም ፍትሕ መጠየቁን የሚክድ የለም። ማሞም በትእዛዝ ወደ ስፍራው መሄዳቸውን አልደበቁም፤ ሰው አልገደልሁም በማለት ግን ጸኑ። ነገር ግን ክስ ሳይመሠረት ከሦስት ዓመት በላይ ማሰር ምን ዓይነት ሕግ ነው? የሕግ ተማሪዎቻችን ይመልሱት።

ያ የተሸነፈው ሙር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ በወኅኒ ቤት ጠየቃቸው፤ በሀገሩም መጽሔት ጻፈላቸው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም አማለደ። ልጆቻቸው አባት በሌለበት ቤት አደጉ።

በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደ። የታሰሩት ዘጠኝ ዓመት ያህል ስለ ነበር ተለቀቁ፤ ነፃ ናቸው ግን አልተባሉም። ትርፉን ሦስት ዓመት ማን ይመልሰዋል?

ታመው ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት 18 ቀን፣ ፍርዱ ሳይሻር ዐረፉ። በቅዱስ ዮሴፍ መቃብር ተቀበሩ፤ አበበም እዚያ ነው።